ድሬን አሸዋ ይውጣታል ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሠፈር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ባለፈው በባቡር ወደ ደወሌ ስሄድ በመስኮት ሜዳውን እያየሁ ነበር። ሽንሌን ካለፍን በኋላ ቁጥቋጦው ሁሉ ከሥሩ ትንሽ የአሸዋ ጉብታ አለው። በመሃል ሳር የለም። እዚያ አካባቢ ፍየልና በግ የሚያረባ አጎት አለኝ። እሱ ‹እኔ ልጅ እያለሁ ይሄ ሁሉ ሳር ነበር› ይላል። ስልኬ ላይ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሳር የለበሰ የአሸዋ ኮረብታ እንዳለ፣ ድሮ በድርቅ ዘመን ተነስቶ ይሄድ እንደነበር አነበብኩ። ድርቅ አሸዋን እንዴት ነው የሚያስኬደው? የኛስ ሜዳ ወደዚያው ነው? ድሬን አሸዋ ይውጣታል?»

በመጀመሪያ፣ «አንቺ» እያልኩ ነው የምመልስልሽ። የድሬ ልጅ ስለሆንሽ አትቀየሚም። እኛ ጋ አንቱታ ለአያትም ብርቅ ነው።

የመጨረሻውን ጥያቄ ቀድሜ ልገላገለው። ድሬን የአሸዋ ክምር አይውጣትም። ወደ ድሬ አሸዋ የሚገባው በሌላ በር ነው፤ እሱን በኋላ አነሳዋለሁ። ሜዳው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የአጎትሽንም ወሬ «የሽማግሌ ትዝታ ነው» ብለሽ አትለፊው።

ድርቅ አሸዋ አይገፋም። የሚገፋው ንፋስ ነው። ንፋሱ ደግሞ ዝናብ ጣለም አልጣለም አለ። አይሻ ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ድርቅ ስላለ አይደለም። ድርቅ የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። በንፋሱና በአሸዋው መሃል ገብቶ የሚያስታርቅ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ሳሩ ነው። ድርቅ ይሄን ሽማግሌ ከመሃል ያነሳዋል። የቀረው ጠብ የሁለቱ ነው።

ገበሬ አውድማ ላይ ምርቱን ሲያዘራ አይተሽ ታውቂያለሽ? በላይዳ ወደ ላይ ይበትነዋል። እብቁ ርቆ ይሄዳል። ገለባው ትንሽ ራቅ ብሎ ይወድቃል። ፍሬው እዚያው እግሩ ሥር ይከመራል። ንፋስ ባዶ መሬት ሲያገኝ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። አቧራው እብቅ ነው። ሰማይ ላይ ይወጣል፣ አገር አቋርጦ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ባህር ይሻገራል። አሸዋው ፍሬ ነው። ሩቅ አይሄድም፣ አጠገብ ይከመራል። ክምር የሚሠራው አሸዋ አብዛኛው ከ0.1 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ያለው ነው። ከዚያ የደቀቀው በኖ ይጠፋል፤ ከዚያ የገዘፈው ባለበት ይቀራል። ድሬን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ውስጥ ያሉት አሸዋ ነፊዎች በወንፊት የሚሠሩትን ንፋስ ያለ ወንፊት ይሠራዋል።

ታዲያ አሸዋው አይበርም፤ ይዘላል። አንዷ ቅንጣት ትነሳለች፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ትላለች፣ ተመልሳ ስትወድቅ ሌሎችን መትታ ታስነሳለች። እነሱም ሌሎቹን። ራልፍ ባግኖልድ የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የግብፅንና የሊቢያን በረሃ በፎርድ መኪና ሲያስስ ቆየ። ከዚያ እንግሊዝ ተመልሶ ንፋስ የሚነፍስበት ረጅም ሳጥን ሠርቶ ነገሩን በልኬት አየው። ሦስት አራተኛው ያህል አሸዋ እየዘለለ እንደሚሄድ፣ የቀረው በሚወድቁት ቅንጣቶች እየተገፋ መሬት ለመሬት እንደሚንፏቀቅ ያወቅነው ከእሱ ነው። ከጉልበት በላይ የሚወጣ አሸዋ ጥቂት ነው። በንፋስ ቀን ሜዳ ላይ ቁምጣ ለብሶ የቆመ ሰው ይሄን በባቱ ያውቀዋል።

ደረቅ አሸዋ ለመነሳት በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ንፋስ ይበቃዋል። ከዚያ በታች ምንም አይሆንም። ከዚያ በላይ ግን ነገሩ በፍጥነት ይብሳል። የሚሄደው አሸዋ ከንፋሱ ፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ ንፋሱ እጥፍ ሲሆን አሸዋው ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ለስለስ ብሎ ከሚነፍስ ይልቅ ጥቂት ቀን ያበደ ንፋስ ብዙ ይሠራል። በቀን ውስጥም ሰዓት አለው። መሬቱ ሲግል የላይኛው ፈጣን አየር ከታችኛው ጋር ስለሚደባለቅ ንፋሱ የሚበረታው ከእኩለ ቀን በኋላ ነው። እንደ ድሬ ሰው ነው፤ የሚመረቅነው ከሰዓት ነው።

ክምሩ ራሱ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት በረሃ መሄድ የለብሽም። ሲኖትራክ ግንባታ ቦታ ላይ ደረቅ አሸዋ ሲዘረግፍ ጎኑን ተመልከቺ። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ዘንበል ነው ያለው፤ 33 ዲግሪ ገደማ። ከዚያ በላይ ከቆለልሽው ይናዳል። የበረሃውም ያው ነው። ንፋስ የሚመታው ጎኑ ዘርጋ ያለ ነው። አሸዋው በዚያ በኩል እየዘለለ አናቱ ላይ ይወጣል። ከአናቱ ማዶ ንፋስ የለም፣ ስለዚህ እዚያ ይከማችና ይናዳል። ከኋላው እየተላገ ከፊቱ እየተናደ፣ መላው ክምር ይጓዛል። ትንሹ ይፈጥናል፣ ትልቁ ይዘገያል፤ ምክንያቱም ትልቁን አንድ እርምጃ ለማስኬድ የሚነሳው አሸዋ ብዙ ነው። ኃይለኛ ንፋስ ባለበት በረሃ ሦስት አራት ሜትር የሚረዝም ራቁት ክምር በዓመት ከ20 ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል።

አሁን ሳር አብቅይበት። ሳሩ ሦስት ነገር ያደርጋል። ንፋሱን ከመሬት ላይ ከፍ አድርጎ ያሳልፈዋል። እየዘለለች የመጣችውን ቅንጣት ይይዛታል። ሥሩ ደግሞ ከታች ያስራል። መሬቱ ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሦስት አራተኛው ገላጣ ሆኖ እንኳ የተቀረው ሳር ተበታትኖ ከቆመ አሸዋው ብዙም አይነቃነቅም። አጥኚዎች በቁጥሩ ይከራከራሉ፤ አብዛኞቹ ከ15 እስከ 30 በመቶ ባለው ውስጥ ያስቀምጡታል። ከዚያ በታች ሲወርድ ግን ሜዳው ራቁቱን እንደሆነ ቁጠሪው። ለውጡ ቀስ እያለ አይመጣም። ለዓመታት ምንም የሆነ አይመስልም፤ ከዚያ በአንድ በጋ ይነሳል።

ያነበብሽው የአሜሪካው ቦታ ኔብራስካ ውስጥ ያለው ሳንድ ሂልስ ይመስለኛል። ስፋቱ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጅቡቲን ሁለት ጊዜ ቢያስቀምጡበት ይበቃታል፣ ትርፍም አለው። ክምሮቹ አንዳንዶቹ 120 ሜትር ይደርሳሉ። ዛሬ ከላይ እስከ ታች ሳር ለብሰዋል፣ ከብት ይግጥባቸዋል፣ በመሃላቸውም ሐይቆች አሉ። የሚገርመው ዝናቡ ነው። በዓመት ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያገኙት። የድሬም ወደ 600 ነው። እነሱ ጋ ግን ብርድ አለ፣ በረዶ አለ። ውሃው እንደኛ ወዲያው አይተንም። ይሄን ያዢልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እነዚህ ክምሮች ተነስተው የሄዱት ከዛሬ 1,000 ዓመት እስከ 700 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ላስታ ላይ አብያተ ክርስቲያናቱ ከዓለት በሚፈለፈሉበት ዘመን ማለት ነው። እንዴት ታወቀ? ይሄኛውን ጥያቄ አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ግን ከሙያዬ ከሁሉ በላይ የምወደው ነገር ስለሆነ ታገሺኝ።

አንዲት የኳርትዝ ቅንጣት (አሸዋ ውስጥ በብዛት ያለው ማዕድን ነው) መሬት ውስጥ ተቀብራ ስትቆይ፣ ዙሪያዋ ካለው አፈር የሚወጣ ደካማ ተፈጥሯዊ ጨረር ያገኛታል። ጉልበቱን ቀስ በቀስ ውስጧ ታጠራቅማለች። እንደ እቁብ ነው። ፀሐይ ያየች ቀን ግን ያጠራቀመችውን ሁሉ በአፍታ ትበትናለች፤ ሒሳቡ ዜሮ ይገባል። እንግዲህ አሸዋ በንፋስ ሲዘል ፀሐይ ያየዋል። ሲቀበር እንደገና መቁጠር ይጀምራል። አጥኚው ክምሩን ቆፍሮ ብርሃን እንዳይገባ አድርጎ በብረት ቱቦ አሸዋውን ይወስዳል። ጨለማ ክፍል ውስጥ የተመረጠ ብርሃን ሲያበራበት ቅንጣቷ ያጠራቀመችውን በብልጭታ ትመልሳለች። ብልጭታው በበዛ ቁጥር የተቀበረችበት ጊዜ ረጅም ነው። ስለዚህ የምናገኘው ቀን አሸዋው የተፈጠረበት አይደለም። መንቀሳቀስ ያቆመበት፣ ማለትም ተቀብሮ ያረፈበት ቀን ነው። አቦ፣ አሸዋ ቀን ይቆጥራል ብሎ ማን ያስባል!

ክምሮቹን ቆርጠው ሲያዩ ሌላም ነገር ወጣ። ውስጣቸው ያሉት ንብርብሮች ያጋደሉበት አቅጣጫ ንፋሱ ከየት እንደነበር ይናገራል። ዛሬ በጸደይና በበጋ እዚያ ሜዳ ላይ እርጥበት የሚያመጣው ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚነሳ የደቡብ ንፋስ ነው። በዚያ በድርቁ ዘመን የተሠሩት ክምሮች ግን የሚመሰክሩት ከደቡብ ምዕራብ፣ ከደረቁ አገር የሚመጣ ንፋስ ነው። ንፋሱ አቅጣጫ ቀየረ፣ ዝናቡ አብሮ ቀረ፣ ያው ንፋስ ደግሞ አሸዋውን ገፋ። የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ሁላችንም ሙቀትና ዝናብ ብቻ ነው የሚመጣልን። ለክምር ግን የንፋስ አቅጣጫ የዝናብን ያህል ነገር ነው።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካን ያንን የታወቀ የአቧራ ድርቅ ሲመታት ሳንድ ሂልስ ምን ሆነ? ብዙም አልሆነም። ከደቡብ በኩል ያሉት የታረሱ ሜዳዎች በነው ሰማዩን ሲያጨልሙ፣ ይሄ የአሸዋ አገር በአብዛኛው ተኝቶ ቆየ። ዋናው ምክንያት አለመታረሱ ነው። በማይነካ አሸዋ ላይ ሥር ሲደራረብ ኖሯል። በኋላ ተመራማሪዎች እዚያው ላይ ክብ ክብ ቦታ ከልለው ሳሩን በመድኃኒት ገደሉት፤ አሸዋው መቼ ይነሳል ብለው ጠበቁ። ወዲያው አልተነሳም። የሞተው ሥር ይዞት ቆየ። ከዚህ የማወጣው ነገር አንድ ነው፤ አንድ ዓመት ድርቅ ክምር አያስነሳም። ሥሩ እስኪበሰብስ ጊዜ አለ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት ተከታትለው ሲመጡ፣ ያውም በመሃል ሰኮና ሲረግጠው፣ ያኔ ነው የሚፈራው።

አንዴ ከተነሳ ደግሞ ማስተኛቱ ከባድ ነው። ዝናብ ተመለሰ ማለት አሸዋው ቆመ ማለት አይደለም። የሚንቀሳቀስ አሸዋ ላይ ዘር አይይዝም። ወይ ይቀበራል፣ ወይ ሥሩ ይገለጣል፣ ወይ የምትዘል አሸዋ ቡቃያውን ትቆርጠዋለች። ካናዳ ውስጥ ሳስካችዋን የሚባል ግዛት አለ። እዚያ ያሉት ክምሮች የነቁት እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ በነበረ ድርቅ ነው። ከዚያ ወዲህ 200 ዓመት ሙሉ ሳር እየለበሱ ነው፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልጨረሱም። ለመንቃት ጥቂት ዓመት፣ ለመተኛት ሁለት ምዕተ ዓመት። የኛ ሰው «ነገር ከጀመረ አይበርድም» የሚለው ዓይነት ነው።

አንድ ነገር ግን አሸዋን ልከላከልለት። ሰው አሸዋ ሲባል ደረቅ፣ ውሃ የማይይዝ አድርጎ ያስባል። በደረቅ አገር ግን ተቃራኒው ነው። ሸክላ አፈር ላይ የወረደ ዝናብ ከላይ ይቀራል፤ ግማሹ ይፈሳል፣ ግማሹ ይተናል። አሸዋ ላይ የወረደው ሰምጦ ይሄዳል። የላይኛው ጣት የሚያህል ድርብ በሰዓታት ይደርቃል፣ ደርቆም ለሥሩ ክዳን ይሆነዋል። ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋውን ጭረው ውሃ የሚቀዱትን ሰዎች አላየሽም? ያንን ነው የምልሽ። ስለዚህ ክምር ሳር የሚነፍገው በተፈጥሮው አይደለም። ንፋሱ ፋታ ከሰጠው ትንሽ ዝናብም ይበቃዋል። ፋታ ካልሰጠው ግን ብዙ ዝናብም አያድነውም። አሜሪካ ኦሪገን የባህር ዳርቻ ላይ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ እየዘነበ ራቁቱን የሚሄድ ክምር አለ።

ቅድም ያዢልኝ ያልኩሽን ላንሳው። ኒኮላስ ላንካስተር የሚባል የመሬት ቅርጽ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1988 አንድ ቀላል ስሌት አውጥቷል። ከዓመቱ ጊዜ ውስጥ ስንት በመቶው አሸዋ የሚያነሳ ንፋስ ይነፍሳል? ዝናቡስ ሙቀቱ ሊያተነው ከሚችለው ውሃ ስንት እጅ ነው? የመጀመሪያውን በሁለተኛው ታካፍያለሽ። ውጤቱ ከ50 በታች ከሆነ ክምሩ ተኝቷል። ከ50 እስከ 100 አናቱ ብቻ ይነቃነቃል። ከ100 በላይ አብዛኛው ይነሳል፤ ሳር የሚቀረው በግርጌውና በክምሮቹ መሃል ነው። ከ200 በላይ ሁሉም ይሄዳል።

ለምሳሌ ያህል፣ በልኬት ሳይሆን ለመረዳት፣ አንድ ሞቃት ሜዳ እንውሰድ። ከጊዜው 20 በመቶ ንፋስ አለ። ዝናቡ 600፣ ሙቀቱ የሚያተነው 2,000 ሚሊ ሜትር ነው። ሬሾው 0.3 ነው። 20 ለ0.3 ሲካፈል 67 ይሆናል። አናቱ ብቻ ይነቃነቃል። በድርቅ ዓመት ዝናቡ በግማሽ ይቀንስ። ወደ 133 ይወጣል። አሁን ዝናቡ እዚያው 300 ላይ እያለ አየሩ ሞቆ ትነቱ 2,300 ይሁን። 153 ደረሰ። የኔብራስካና የድሬ ዝናብ ተቀራራቢ ሆኖ ውጤቱ ለምን እንደሚለያይ ይሄ ይነግርሻል። ዝናብ ሳይቀንስ ሙቀት ብቻ ቢጨምር እንኳ አሸዋው አንድ ደረጃ ወደ መንቃት ይጠጋል። ስሌቱ ሻካራ ነው። ግጦሽን አያውቅም፣ ሥርን አያውቅም፣ አንድ ዓመት ዘግይቶ የሚመጣን ነገር አያውቅም። ቢሆንም አቅጣጫ ለማየት ይበቃል።

ወደ ቤታችን አካባቢ ስንመጣ ትልቁ የተኛ አሸዋ ያለው ሱዳን ውስጥ ነው፤ ኮርዶፋን ላይ። እነሱ «ጎዝ» ይሉታል። ከ20,000 ዓመት በፊት ሰሃራ ወደ ደቡብ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ገፍቶ በነበረበት ጊዜ ይሄድ የነበረ አሸዋ ነው። ኋላ ዝናብ መጣና ተኛ። ዛሬ ዳጉሳ የሚመስለውን ዱኽን ይዘሩበታል፣ የሙጫ ግራር ያበቅሉበታል። ባረሱበትና ዛፉን በቆረጡበት ቦታ ግን ይነቃል።

ሽንሌ ሜዳ ከዚህ ይለያል፤ የተኛ ትልቅ ክምር ያለበት አገር አይደለም። አሸዋው ከየት መጣ ካልሽ ደቻቱን ተከተዪው። ከሐረርጌ ተራራ ጎርፍ ይዞት የሚወርደው አሸዋና ደለል ከተማውን አልፎ ሜዳው ላይ ይዘረጋል፣ ወንዙም እዚያው ይጠፋል። ጎረቤቶቹ ወንዞችም እንደዚሁ ናቸው። ጎርፍ በየዓመቱ አዲስ አሸዋ ያራግፋል፣ በጋው ሲረዝም ንፋስ ያንን ይለቅማል። ንፋስ አሸዋ አይፈጥርም፤ ጎርፍ ባመጣው ነው የሚነግደው።

በመስኮት ያየሽው ደግሞ ስም አለው። ዐረቦች «ነብካ» ይሉታል። ቁጥቋጦው ንፋሱን ይሰብራል፣ አሸዋው ከሥሩና ከጀርባው ይከመራል። ቁጥቋጦው እንዳይቀበር ያድጋል፣ አሸዋውም ይከተላል። ይሄ የሚሄድ ክምር አይደለም። ቁጥቋጦው በሕይወት እስካለ የታሰረ ነው። ግን ምስክር ነው። ጉብታ ላይ የተከመረው አሸዋ ከሆነ ቦታ ተነስቷል። በቁጥቋጦዎቹ መሃል ሳር ቢኖር ኖሮ አይነሳም ነበር።

አጎትሽ «ሳር ነበር» ሲልሽ የትኛው ሳር እንደሆነ ጠይቂው። ልዩነቱ ብዙ ነው። ከዓመት ዓመት በሥሩ የሚቆይ ሳር አለ። በካረን፣ ማለትም በክረምቱ ዝናብ በቅሎ በጥቂት ሳምንት የሚያልቅ ሳርም አለ። የመጀመሪያው ሲጠፋ ሁለተኛው ይተካዋል። ነሐሴ ላይ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ፎቶም ያምራል። በጋ ሲመጣ ግን መሬቱን የሚይዝ የለም። ንፋሱና አቧራው በሚበረቱበት ሰሞን ሜዳው ራቁቱን ያገኛቸዋል። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. የኤል ኒኞው ድርቅ ሲመጣ ሽንሌ ያለችበት ሲቲ ዞን ቀድመው ከተመቱት አንዱ ነበር። የከብት እልቂቱን ሁሉም ያስታውሳል። የሳር እልቂት ግን ሬሳ የለውም።

«ከብት አርቢው በልቶ ጨረሰው» የሚል ክስ በየስብሰባው ይሰማል። አልወደውም። ተንቀሳቃሽ አርቢ ሜዳውን የሚጎዳው ሲንቀሳቀስ ሳይሆን ሲቆም ነው። ውሃ በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ ሲሰበሰብ ሰውም ከብትም እዚያው ይሰበሰባል። ዙሪያው በእግር ይላጣል። መንገዱ ሲዘጋ፣ መሬቱ ሲከለል፣ ሰኮናው አንድ ቦታ ይደጋገማል። አሸዋ መነሳት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚህ ዓይነቱ የተላጠ ቀለበት ነው።

የሚያስፈራውን ከማያስፈራው የምትለዪበት አንድ ምልክት ልስጥሽ። የራቁት በረሃ ክምር ግማሽ ጨረቃ ይመስላል። ሁለቱ ቀንዶቹ ንፋሱ ወደሚሄድበት ያመለክታሉ፣ ምክንያቱም ጫፎቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ከመሃሉ ቀድመው ይሮጣሉ። ተክል ባለበት ሜዳ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጫፎቹን ሳርና ቁጥቋጦ ይይዛቸዋል፣ መሃሉ ብቻ ያመልጣል። ቀንዶቹ ንፋሱ ወደመጣበት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ስለዚህ ቀንዱ ወደ ኋላ የሆነ ክምር ሲገጥምሽ ተክሉ ገና እየታገለ ነው። ቀንዱ ወደ ፊት ከዞረ ተክሉ ተሸንፏል። በሚቀጥለው ጉዞሽ የሚታየው ያው ጉብታ ጉብታው ብቻ ከሆነ ገና ከሁለቱም በፊት ነን።

ድሬን በተመለከተ የገባሁት ቃል አለ። ወደ ከተማዋ በንፋስ የሚመጣው አቧራ ነው፤ አሸዋ አይደለም። ለሳንባና ለአይን ክፉ ነው፣ ቤት ግን አይቀብርም። አሸዋው የሚመጣው በውሃ ነው፣ ከሽንሌ በኩል ሳይሆን ከተራራው በኩል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ይዞት የወረደው ጭቃና አሸዋ ቤት ውስጥ ገብቶ ነበር። ምክንያቱ ግን ሩቅ ዘመድ ነው። ተራራው ላይም ያለው ሽማግሌ ያው ተክል ነው። ድርቅ ሲያነሳው ከታች ንፋስ፣ ከላይ ጎርፍ ይጠቀምበታል።

አጎትሽ ምን ያድርግ? ቻይናዎች ቴንገር በረሃ ጫፍ ላይ፣ ሻፖቶው የሚባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1958 የተከፈተ የባቡር መስመራቸውን አሸዋ እንዳይቀብረው የገለባ ካሬ ሠሩ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር እየከፋፈሉ ገለባ አሸዋው ውስጥ ግማሹን ቀብረው ያቆማሉ። ንፋሱ መሬት ላይ አቅም ያጣል። በካሬው ውስጥ ቁጥቋጦ ይተክላሉ። ዝናቡ 200 ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላበት አገር ሠርቷል። እኛ ጋ ግን አንድ ችግር አለ፤ የማሽላ አገዳ ለከብት ነው። በድርቅ ዓመት መኖ መሬት ውስጥ ቅበር ብለሽ ብትመክሪው አጎትሽ በዱላ ነው የሚያባርርሽ። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ሌላ ነገር ይጠቀም። ያ በየሜዳው የወረረው ፕሮሶፒስ አለ አይደል? አሸዋ ይይዛል ተብሎ በብዙ አገር የተተከለ ዛፍ ነው። መያዙንስ ይይዛል። ግን ከሥሩ ሳር አያስበቅልም፣ አርቢውንም ግጦሽ ይቀማዋል። እንዳይተክለው። ቅርንጫፉን ግን ቆርጦ በተላጠው ቦታ ላይ ከንፋሱ አግድም በረድፍ ያንጥፈው። ፍሬ ከማፍራቱ በፊት ይቁረጠው፤ ፍየሎች ፍሬውን በልተው ዘሩን በበጠጣቸው ይዘሩታል። በረድፎቹ መሃል ያለውን ቦታ ለሁለት ሦስት ዝናብ በእሾህ ይከልል። ሁሉንም ሜዳ አይደለም፤ በጣም የተላጠውን ብቻ። እዚያ ከአሸዋው በፊት መቆም ያለበት ከሥሩ የሚቆየው ሳር ነው።

ከዚያ በፊት ግን ይለካ። አንድ ሜትር የሚሆን ፌሮ አሥር ያህል ቆርጣችሁ፣ ግማሹን መሬት ውስጥ መትታችሁ፣ በቀጥታ መስመር ትከሉ። የተወሰኑት ጉብታዎቹ ላይ፣ የተወሰኑት በመሃላቸው ይሁኑ። ከመሬት በላይ የቀረውን ርዝመት ጻፉ። ካረን ሳይጀምር አንዴ፣ ካለቀ በኋላ አንዴ፣ በበጋው መጨረሻ አንዴ ለኩ። ጉብታው ላይ ያለው ፌሮ እያጠረ ከሄደ አሸዋ እየተከመረ ነው። በመሃል ያለው እየረዘመ ከሄደ መሬቱ እየተላገ ነው። ሁለቱ በአንድ ላይ ከታዩ አሸዋው ከሩቅ አልመጣም፤ ከራሱ ከአጎትሽ ግጦሽ የተነሳ ነው። ለሠፈሩ ልጆችም አደራ በሉ፣ ፌሮውን እንዳይነቅሉት። ብረት ውድ ነው።